አልትራሳውንድ ወይስ የጥርስ ንጽህና? ከመመዝገባችሁ በፊት የእኔን ስሙ

በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ እየቀመስን ሳለ አንድ ሰው ጠጋ ይለኛል። አንዳንዴ ልጇን ኮሌጅ ልታስገባ ያሰበች እናት ናት፤ አንዳንዴ ሌሊት ታክሲ መንዳት የሰለቸው ወንድም ነው። ጥያቄው ግን አይለወጥም፦ «የአንቺ የአልትራሳውንድ ትምህርት ስንት ዓመት ፈጀ? ስንትስ ይከፈላል?» በቁሜ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሆንብኛል። ዓመቱን ከነገርኳቸው የባከነውንም ዓመት መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ ክፍያውን ከነገርኳቸው በከንቱ የከፈልኩትንም መናዘዝ ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩት። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ዲቪ ደርሶኝ በ2015 ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ገንዘብ መቀበል ነበር፤ መስታወት ባለው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ቲኬት መቀበልና መልስ መስጠት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እዚያው ሣጥን ውስጥ እያለሁ፣ በስልኬ አንድ ማስታወቂያ አየሁ፦ በ14 ወር የአልትራሳውንድ ባለሙያ ይሁኑ።

ትምህርቱ ማታ ማታ ነበር። ሁለት ያረጁ ማሽኖች፣ ሃያ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ መምህር። ክፍያው 17 ሺህ ዶላር፣ አብዛኛው በብድር። ስመዘገብ «እውቅና አላችሁ ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መዝጋቢዋ በጣቷ ግድግዳው ላይ በክፈፍ የተሰቀለ ወረቀት አሳየችኝ። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሥራውን እንዲያካሂድ ስቴቱ የሰጠው ፈቃድ ነበር። እኔ አገር ቤት እውቅናና ፈቃድ አብረው ሲጠሩ ስለለመድኩ አንድ መሰሉኝ። አንድ አይደሉም። ይህን ለማወቅ 14 ወርና 17 ሺህ ዶላር ፈጀብኝ፤ እናንተ በነፃ እወቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ለአልትራሳውንድ ባለሙያ የሙያ ፈቃድ የሚጠይቁት እንደ ኦሪገን፣ ኒው ሜክሲኮና ኖርዝ ዳኮታ ያሉ ጥቂት ስቴቶች ብቻ ናቸው። በሌላው ቦታ ሕጉ ዝም ስላለ ብዙ ሰው «እንግዲያውስ ማንኛውም ሰርተፊኬት ይበቃል» ብሎ ያስባል። ቀጣሪው ግን ዝም አይልም። ሆስፒታሎች በዋናነት የሚጠይቁት ኤአርዲኤምኤስ (ARDMS) የሚባለው ድርጅት ፈተናዎቹን ላለፈ ሰው የሚሰጠውን ምዝገባ ነው። ድርጅቱ በ1975 የተቋቋመ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ነው፤ ከቤቴ በመኪና ብዙም አይርቅም። እዚያ ሄጄ ግን በሩን ማንኳኳት አልችልም፤ ለፈተናው ለመቀመጥ ከተዘረዘሩት መንገዶች በአንዱ ማለፍ ግድ ነው። ዋናው መንገድ ኬሄፕ (CAAHEP) በሚባለው አካል እውቅና ካገኘ የትምህርት ፕሮግራም መመረቅ ነው። ሌላው መንገድ በማንኛውም ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ፣ በሳምንት 35 ሰዓት፣ ቢያንስ 48 ሳምንት የሞላ የ12 ወር የአልትራሳውንድ ሥራ ማስመስከር ነው።

ትምህርት ቤቴ የኬሄፕ እውቅና አልነበረውም። «ዲግሪ አለኝ፤ ሁለተኛው መንገድ ይሆነኛል» ብዬ ተጽናናሁ። አስራ አንድ ክሊኒኮች ጋር ደወልኩ። ያልተመዘገበ ሰው ዓመት ሙሉ በሽተኛ ላይ የሚያሠራ አላገኘሁም። ፈተናውን ለመቀመጥ ሥራውን መሥራት፣ ሥራውን ለማግኘት ፈተናውን ማለፍ። እውነቱን ለመናገር በዚህ መንገድ ያለፉ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁለቱም ክሊኒክ ያለው ዘመድ ነበራቸው። እናንተም እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ ከዚህ በታች ያለውን ባታነቡም ትችላላችሁ።

ጓደኛዬ የተማረችው የጥርስ ንጽህና፣ ማለትም በክሊኒክ የሰው ጥርስ የመፋቅና የማጽዳት ሙያ፣ ሕጉ ከዚህ የጠበቀ ነው፤ በአንድ በኩል መጥበቁ ጥሩ ነው። በሁሉም ስቴት የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን ለማግኘት የሚወስደው የታወቀው መንገድ ደግሞ ኮዳ (CODA) ከሚባለው የጥርስ ትምህርት እውቅና ሰጪ እውቅና ካገኘ ፕሮግራም ተመርቆ ብሔራዊውን ፈተና ማለፍ ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል እንደ እኔ የሚታለል ሰው ጥቂት ነው። ፍሎሪዳ በውጭ አገር ጥርስ ሕክምና ለተማሩ ሰዎች በንጽህና ባለሙያነት ፈቃድ የሚያገኙበት በር አላት፤ አገር ቤት የጥርስ ሐኪም የነበራችሁ ይህን ጠይቁ።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ እንግዲህ ከግድግዳ ላይ ወረቀት አታንብቡ። የኬሄፕን ወይም የኮዳን ድረ ገጽ ከፍታችሁ በስቴት ፈልጉ። የትምህርት ቤቱ ስም እዚያ ከሌለ ነገሩ አልቋል። ካለም፣ በአልትራሳውንድ በኩል አንድ ነገር ጨምራችሁ እዩ፤ እውቅናው በየዘርፉ ነው። ሆድ፣ ማህፀንና ፅንስ፣ ልብ፣ የደም ሥር ተብሎ ይከፈላል። ለሆድ እውቅና ያለው ፕሮግራም ለልብ ላይኖረው ይችላል። በእኛ አካባቢ ስፕሪንግፊልድ ያለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሕክምና ትምህርት ካምፓስ አልትራሳውንዱንም የጥርስ ንጽህናውንም ያስተምራል፤ ከወንዙ ማዶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አልትራሳውንድ አለው። ከማስታወቂያ በፊት ከቤታችሁ አጠገብ ያለውን የሕዝብ ኮሌጅ እዩ ለማለት ነው።

በ2018 የመኪና ማቆሚያውን ትቼ በአረጋውያን መንከባከቢያ ረዳት ነርስ ሆንኩ። ደመወዙ በጥቂቱ ነው የተሻለው። ግን ሰው ማገላበጥ፣ ሰው ሲያማርር መስማት፣ ራቁቱን ያለ ሰው ሳያፍር እንዲቀመጥ ማድረግ እዚያ ተማርኩ። በኋላ ክፍል ውስጥ ከሃያ ዓመት ልጆች የበለጥኩበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ቅድመ ሁኔታ ትምህርቶቹን ሁለት ሁለት እያደረግኩ ከ2019 እስከ 2021 ወሰድኩ። የሰውነት አወቃቀርና አሠራር ሁለት ክፍል፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ የሕክምና ቃላት፣ የእንግሊዝኛ ድርሰት። የአገር ቤት ትራንስክሪፕቴን በግምገማ ድርጅት አስገምግሜ የተወሰነው ተቆጠረልኝ፤ የሰውነት አወቃቀሩ ግን «ከአምስት ዓመት በላይ አልፎታል» ተብሎ እንደገና ተማርኩ። ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ደግ አደረጉ። እነዚህ ፕሮግራሞች ወንበራቸው ጥቂት ነው፤ በእኛ ዙር የገባነው 16 ነበርን፣ ያመለከተው ግን የትየለሌ ነው። የሚመርጡትም በነዚህ ትምህርቶች ውጤት ስለሆነ፣ አገር ቤት ያመጣሁት ሲ ቢቆጠርልኝ ኖሮ አልገባም ነበር። ሰዎች «ሁለት ዓመት ነው» ሲሏችሁ ከገባችሁ በኋላ ያለውን ነው የሚነግሯችሁ። የሥራ ሰው ከሆናችሁ አራት ብላችሁ አስቡ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነቱ የጸደቀለት፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው የፌዴራሉን የትምህርት እርዳታ ማመልከት ይችላል። በ2024-25 የትምህርት ዘመን ፔል የሚባለው የማይመለስ እርዳታ ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነና የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ሰው (የአገር ቤቱም ዲግሪ ይቆጠራል) ይህ የኮሚኒቲ ኮሌጅን ክፍያ በብዛት ይሸፍናል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ግን ይህን አያገኝም። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት 17 ሺህ በብድር የከፈልኩ ጊዜ እኔ ግሪን ካርድ ነበረኝ። ዲግሪ ስላለኝ ፔሉ ባይደርሰኝም፣ ማንንም ስላልጠየቅኩ እንጂ እውቅና ባለው ኮሌጅ የፌዴራሉን የትምህርት ብድር የመጠየቅ መብቱ በእጄ ነበር።

ጓደኛዬና እኔ አብረን ነው ያመለከትነው፤ እሷ ጥርስ፣ እኔ አልትራሳውንድ። ሁለታችንም የሌላውን ሥራ አንድ ቀን ቆመን አይተናል፤ የመረጥነውም ያንን ቀን ነው። እኔ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ረፋድ ብቻ ቆሜ የመፋቂያው ድምፅ ጥርሴን አንገጫገጨው። እሷ ደግሞ ጨለማው የአልትራሳውንድ ክፍል እንቅልፍ አመጣባት። ስለ ደመወዝ አብዝታችሁ አትጨነቁ፤ በአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2023 መረጃ የጥርስ ንጽህና ባለሙያ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 87,530 ዶላር፣ የአልትራሳውንድ ባለሙያ 84,470 ዶላር ነበር። የሚለያዩት በሌላ ነው። የጥርሱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በግል ክሊኒክ ነው፤ ማታ ወደ ቤት ይገባል፣ ግን ብዙ ቦታ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ተሠርቶ የጤና መድን የለውም። የእኔ ሆስፒታል መድኑን ይከፍላል፤ በምትኩ የፋሲካ ሌሊት ይጠራኛል።

የጓደኛዬን መከራ ሳልናገር አላልፍም፤ የጥርስ ተማሪ ፈተናው በመጽሐፍ ብቻ አያልቅምና። መጀመሪያ በፕላስቲክ ጥርስ ላይ ትለማመዳላችሁ፤ ከዚያ እርስ በርስ፤ ከዚያ ሰው። ሰውየውን የምታመጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ጓደኛዬ ያን ዓመት ሰው ሲስቅ ፊቱን ማየት ትታ ጥርሱን ታይ ነበር። ሰርግ ላይ፣ ልቅሶ ላይ ሳይቀር። የእኔንም አፍ ለካችው። ቀጭን፣ ሚሊሜትር የተጻፈባት መለኪያ በድድና በጥርስ መካከል እያስገባች «ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት» ትላለች። እስከ ሦስት ጤና ነው። አንዱ መንጋጋ ላይ ስትደርስ «አምስት» አለችና ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ ክር አስገባለሁ።

ለመጨረሻው የተግባር ፈተና የሚቀርበው ሰው ደግሞ ጥርሱ ላይ እንደ ጠጠር የደነደነ ቆሻሻ በቂ ሆኖ፣ በሚፈለገው ቦታ ላይ መገኘት አለበት። ንጹሕ አፍ አይፈተኑበትም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ታክሲ ነጂ ተገኘ። ጓደኛዬ ቀድማ አየችው፣ ራጅ ተነሣ፣ ልክ የሚፈለገው ዓይነት ነበር። «ጋሼ፣ አደራ፣ ቅዳሜ በጠዋት» አለችው። ቅዳሜ መጣ። ሸሚዝ በተኩስ፣ ሽቶ ተቀብቶ። አፉን ሲከፍት ጥርሱ እንደ ዕንቁ ያበራል። ለካ ሐሙስ ዕለት ከኪሱ ከፍሎ ሌላ ክሊኒክ አስጠርጎት ኖሯል። «በአስተማሪዎችሽ ፊት ላሳፍርሽ እንዴ ልጄ?» አላት። እንዲህ ያለውን ይሉኝታ የፈተና ሕግ ያወጡት ሰዎች አላሰቡትም። ለሚቀጥለው ዙር ፈተና ሁለት ወር ጠበቀች። አሁን አሁን በብዙ ቦታ የተግባር ፈተናው በሰው ምትክ በአሻንጉሊት አፍ ላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ስትመዘገቡ የእናንተ ስቴት የትኛውን እንደሚቀበል ጠይቁ። ሰው ከሆነ ግን ሁለት ሰው ያዙ፤ ለሁለቱም «እንዳታስጠርጉ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ።

ወደ እኔ ልመለስ። በአልትራሳውንድ ተማሪውን የሚጥለው ፊዚክሱ ነው። ኤስፒአይ የሚባለው የፊዚክስና የመሣሪያ ፈተና ሁሉም የሚያልፍበት በር ነው፤ ነጥቡ ከ300 እስከ 700 ይሰጣል፣ ማለፊያው 555 ነው። እኔ በመጀመሪያው 531 አመጣሁ። ቀመሩን በቃሌ ሸምድጄ ነበር፤ ጥያቄው ግን «ይህን ቁልፍ ብታዞሪ ሥዕሉ ምን ይሆናል?» የሚል ነው።

የገባኝ አንድ ሌሊት መንከባከቢያው ውስጥ ሆኜ ነው። ልጅ ሆኜ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቆመን ስማችንን እንጣራ ነበር። ገደል ማሚቶው ቶሎ ከመለሰ ገደሉ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ማሽኑም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ያዳምጣል። ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ይጓዛል ብሎ ማሽኑ ይቆጥራል፤ ስለዚህ የአንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ደርሶ መልስ 13 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። 130 ማይክሮ ሰከንድ ቆይቶ የመጣውን ማሚቶ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ነጥብ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በቃ፣ ሥዕሉ ሁሉ ከዚህ ነው የሚሠራው። ግላስጎው የነበረው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ብረት ውስጥ ስንጥቅ የሚፈለግበትን መሣሪያ በሰው ሆድ ላይ ሞክሮ ውጤቱን በ1958 ያወጣው በዚሁ ሐሳብ ነው። ከገደሉ ተነሥቼ ሌላውን ሁሉ ሳልኩት። ቀጭን ድምፅ ጥርት ያለ ሥዕል ይሰጣል፣ ግን ሩቅ አይሄድም፤ ወፍራሙ ሩቅ ይሄዳል፣ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለአንገት እጢ ከፍተኛ ድግግሞሽ፣ ለወፍራም ሰው ጉበት ዝቅተኛ። በሁለተኛው ፈተና 590 አመጣሁ። ፊዚክሱን ካለፋችሁ በኋላ የዘርፉን ፈተና፣ የእኔ የሆድ ነበር፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማለፍ አለባችሁ፤ አለዚያ ፊዚክሱ ይቃጠላል። ፊዚክሱን በተማራችሁበት ሴሚስተር ተፈተኑ፤ ለምረቃ አታቆዩት።

ላብራቶሪ ውስጥ የምንለማመደው እርስ በርስ ነበር። የሐሞት ከረጢት ሰው ከበላ ይኮማተራል፤ በደንብ የሚታየው ስድስት፣ ስምንት ሰዓት ሳይበላ ለቆየ ሰው ነው። የእኛ ልምምድ ከሰዓት በኋላ ስለነበር የክፍል ጓደኞቼ ቁርስ ሳይበሉ መቆየት ይከብዳቸዋል። ሑዳዴ ገባ። እኔ ድሮም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ የክፍሉ የሐሞት ከረጢት የእኔ ሆነ፤ አልጋው ላይ የማልተኛበት ቀን አልነበረም። መምህራችን «ይህን የመሰለ ሐሞት በመጽሐፍ እንኳ አላየሁም» ይሉ ነበር። ጉራዬ ብዙ አልቆየም። ማታ የበላሁት ሽሮ የጠዋት ጋዝ ሆኖ ፓንክሪያሴን ሙሉ በሙሉ ጋረደው፤ አየር የማሽኑን ድምፅ አያሳልፍምና። ያን ዕለት «ሐበሻ ፓንክሪያስ የለውም» ተባለ። እግረ መንገዴን፣ ባዮሎጂ አስተማሪ የነበርኩት ሴት እስከ ዛሬ ከአገሬ ልጆች ጋር የማልስማማበት ነገር አለ፤ ግማሹ ፓንክሪያስን ጣፊያ ይለዋል፣ ግማሹ ቆሽት። በሥራ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሲገጥመኝ ሁለቱንም ትቼ በጣቴ አሳያለሁ።

ሁለተኛው ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ነው፤ ያለ ክፍያ። ሙሉ ሰዓት መሥራት አይቻልም። እኔ ቅዳሜና እሑድ መንከባከቢያው ውስጥ ድርብ ፈረቃ እየሠራሁ፣ የቤት ኪራይ ከእህቴ ጋር እየተጋራሁ አለፍኩት። ልጅ ላላቸው የምመክረው የስድስት ወር ወጪ ቀድሞ ማስቀመጥ ነው፤ ያላስቀመጡ ሁለት ጎበዝ ልጆች ከእኛ ዙር በመሃል ወጥተዋል።

ልምምድ ላይ ካየሁት ሁሉ አንድ ጠዋት አይለቀኝም። አንዲት አሮጊት እናት፣ ቀኝ ጎናቸውን የሚያማቸው፣ ወደ ክፍሉ ገቡ። ስማቸውን አይቼ «እንደምን አደሩ፣ እማማ» አልኳቸው። «ተመስገን! የአገሬ ልጅ!» አሉና ፊታቸው በራ። ለሕክምናው ጉዳይ ማስተርጐም የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሆስፒታሉ በስክሪን የሚቀርብ አስተርጓሚ ነበረው። እሳቸው ግን ስክሪኑን ዞር ብለው ሊያዩት እንኳ አልፈቀዱም። «ትንፋሽ ይሳቡ... ያዙት... ይልቀቁት» እያለ የሚጮኸው ሰውዬ ለግድግዳው ነበር የሚናገረው።

ስለ ጤፍ ዋጋ እያወራን ፕሮቡን፣ ሰውነት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን እጀታ፣ ከጎድን አጥንታቸው በታች አስቀመጥኩ። ጉበቱ ውስጥ መሆን የማይገባቸው ክብ ክብ ነገሮች ነበሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ሥዕሉን አቆማለሁ፣ እለካለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ጤፉን ረሳሁት።

«ልጄ፣ ዝም አልሽ እኮ። ምን አየሽ?»

«እማማ፣ እኔ ሥዕሉን ነው የማነሣው፤ የሚያነበው ሐኪሙ ነው። ዛሬውኑ ይደርሳቸዋል።» ይህ ሕጉም ነው፣ እውነቱም ነው።

«እሱንስ ፊትሽ አንብቦልኛል» አሉኝ። ጄሉን ከሆዳቸው ላይ በሞቀ ፎጣ ስጠርግላቸው እጄን ያዙኝና «የእናትሽን ዓይን ያሳይሽ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አልሰማሁም፤ መጠየቅም አይፈቀድልኝም።

የምታሠለጥነኝ ባለሙያ ኮሪደር ላይ አቁማ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ። መጥፎ ነገር ስታይ ዝም አለማለት አትችይም፣ አለችኝ፤ ስለዚህ ዝምታው ከዚያ እንዳይጀምር አድርጊ። ገና ስትጀምሪ «አሁን ትንሽ ዝም ብዬ እለካለሁ፣ ለሁሉም ሰው እንደዚህ ነው» በይ፤ በደህናውም ሰው ላይ ዝም እያልሽ ሥሪ። አሁን ለእያንዳንዱ በሽተኛ ይህን እላለሁ። ተማሪ ስትሆኑ ማንም በመጽሐፍ አያስተምራችሁም።

ትከሻችሁንም ከመጀመሪያው ሳምንት ጠብቁ። የዚህ ሙያ ሰው አብዛኛው እያመመው ነው የሚሠራው፤ የጥርስ ንጽህና ባለሙያዎቹም አንገታቸውና የእጅ አንጓቸው እንደዚያው። ክንድ ከጎን ከ30 ዲግሪ በላይ ተከፍቶ መሥራት የለበትም፤ አልጋውን ከፍ አድርጉ፣ በሽተኛውን «ወደ እኔ ጠጋ ይበሉ» በሉ፣ ፕሮቡን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና አትጨብጡት። እኔ በይሉኝታ በሽተኛውን ላለማስቸገር ራሴ ስንጠራራ ኖሬ በሁለተኛው ዓመት ቀኝ ክንዴን ከፍ አድርጌ ፀጉሬን ማሠር አቃተኝ። ስድስት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ።

በ2023 ተመርቄ በሦስተኛው ወር ተቀጠርኩ። ከዲቪው እስከ ሥራው ስምንት ዓመት መሆኑ ነው፤ ትክክለኛው ትምህርት ቤት መጀመሪያ ብገባ ኖሮ ስድስት ይሆን ነበር። የመጀመሪያውን ብድር አሁንም እየከፈልኩ ነው፤ በየወሩ 212 ዶላር።

ጓደኛዬ በሁለተኛው ፈተና አለፈች፤ እኔ ጥርሴን የማስጠርገው እሷ ጋር ነው። ታክሲ ነጂውም ደንበኛዋ ሆኗል፤ በየስድስት ወሩ ይመጣል። ባለፈው ወረፋ ስጠብቅ መኪና ማቆሚያው ላይ አየሁት። ከታክሲው ወርዶ በውኃ ጠርሙስ እየተጉመጠመጠ ጥርሱን ይቦርሽ ነበር።